ተውኔትና የግብረ ገብ ቅራኔ፦ ከፎገራ ሜዳ የተነሣ ንባብ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ወረታ ከተማ ውስጥ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ የተሰማ ሳቅ ነው። የድራማ ክበብ ተማሪዎች ያለዕድሜ ጋብቻን የሚያወግዝ አጭር ተውኔት አዘጋጅተው ለወላጆች አሳዩ። በተውኔቱ ውስጥ ልጁን የሚድረው አባት ሰካራም ነው፤ ይንገዳገዳል፣ ይሳደባል፣ የገዛ ልጁን ስም እንኳ አስተካክሎ አይጠራም። ከፊት የተቀመጡት ወላጆች፣ በተለይም አባቶች፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ትርኢቱ ሲያበቃም አንድ አዛውንት ተነሥተው «እንዲህ ያለውን የማይረባ ሰው ማጋለጣችሁ ደግ ሠራችሁ፤ እደጉ» ብለው መረቁ። ከመራቂዎቹና ከአጨብጫቢዎቹ መካከል ልጆቻቸውን በዚያው ዕድሜ የዳሩ እንደነበሩ ተማሪዎቹም እኔም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከአዳራሹ የተናደደም ያፈረም ሰው አልወጣም።

ተማሪዎቹ ደስ አላቸው። እኔ ግን ያ ሳቅ ሲከነክነኝ ቆየ። ተውኔቱ ያነሣው ጉዳይ የአካባቢው ዋነኛ ጉዳይ ነው፤ ቋንቋው የሕዝቡ ቋንቋ ነው፤ ተዋንያኑ የተመልካቾቹ ልጆች ናቸው። ታዲያ ምን ጎደለው? በተለምዶ «ተውኔት የኅብረተሰብ መስተዋት ነው» ይባላል። ከዚያ መስተዋት ፊት ተቀምጦ ሁሉም የጎረቤቱን ፊት ብቻ አይቶ ከሄደ ግን መስተዋቱ አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው።

እኔ የደረስሁበት መልስ የሚከተለው ነው። መድረክ የአንድን ማኅበረሰብ የግብረ ገብ ቅራኔ የሚያወጣው መልካሙን ከክፉው ጋር ሲያጋጭ አይደለም። መልካምና ክፉ ሲጋጩ ተመልካቹ ቀድሞውኑ ፈርዶ መጥቷል፤ ከመልካሙ ጎን ቆሞ ይስቃል ወይም ያለቅሳል። ቅራኔው የሚወጣው ማኅበረሰቡ ሁለቱንም መልካም ብሎ የያዛቸው ነገሮች በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ሲመረምር ያየው ይህንኑ ነበር። የወንድሟን ሬሳ ካልቀበርሁ የምትለው እኅትና ከሐዲ አይቀበርም የሚለው ንጉሥ እያንዳንዳቸው እውነተኛ መብት ይዘዋል፤ ጥፋቱም የሚመጣው ሁለቱም ከያዙት እውነት ውጪ ያለውን አላይም በማለታቸው ነው። ለሞተ ወገን አፈር ማልበስ ከሁሉ የሚቀድም ግዴታ በሆነበት በእኛ አገር ይህን ተውኔት ለማስረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የአገራችንን የግብረ ገብ ትምህርት በብዛት የያዘው ተረትና ምሳሌ መሆኑ ይታወቃል። ተማሪዎቼን አንዳንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ምሳሌዎችን ፈልጉ ብዬ አዛቸዋለሁ፤ ለማግኘት አይቸገሩም። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚለው ሽማግሌ በሌላው ቀን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ገበሬ ድንበሩ ሲገፋበት «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብሎ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ይሟገታል። ሰውየው ዋሾ ስለሆነ አይደለም። ምሳሌዎቹ አይገናኙም፤ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለእልፍኝ፣ አንዱ ለችሎት፣ ሌላው ለለቅሶ የተመደበ ነው። እያንዳንዱ በቦታው ሲነገር እውነት ነው፤ ቦታና ጊዜ እንደ አጥር ሆነው ያለያዩዋቸዋል።

የመድረክ ጠባይ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። መድረክ አጥር አያውቅም። በእልፍኝ የተነገረውን የሰማው ተመልካች በችሎት የሚነገረውንም ይሰማል፤ የተናጋሪውን ፊት፣ የቆመበትን ቦታ፣ የለበሰውን ልብስ ያያል፤ በሁለቱ መካከል ያለፈውም ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናቱ የአማራን ኅብረተሰብ ጠባይ በሰምና ወርቅ መስሎ እንዳቀረበው ሁሉ፣ ቃላችን ሁለት ነገር በአንድነት መሸከም ይችላል። አካል ግን አይችልም። ተዋናይ በሩን ይከፍታል ወይም ይዘጋል፤ ከመቀመጫው ይነሣል ወይም አይነሣም። ቅኔው በቃል ያስማማውን ቅራኔ ተውኔት በድርጊት ይለያየዋል። (ቅኔ ለተማረ ሰው ተውኔት ጥሬ መስሎ የሚታየው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤት የወጣው ዮፍታሔ ንጉሤ ግን ሁለቱን አስታርቆ ለመድረክ ከጻፉት ቀደምት ደራስያን አንዱ ሆኗል።)

ነገሩ ለአንባቢው እንግዳ አይደለም፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይገኛል። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ ነቢዩ ናታን መጥቶ አልከሰሰውም። አንዲት በግ ብቻ የነበረችውን ድኻና ብዙ መንጋ ያለውን ባለጠጋ ታሪክ አወራለት። ዳዊት በባለጠጋው ላይ በቁጣ ፈረደ፤ ከዚያ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው። ዳዊት ፍትሕን ይወድ ነበር፤ ችግሩ ፍትሑና ድርጊቱ ተገናኝተው አለማወቃቸው ነው። ናታን አገናኛቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በኢዮቤልዩ በዓል ሲመረቅ የቀረበው ተውኔት የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የደራሲው ሐሳብ የትኛውም ይሁን፣ ንጉሠ ነገሥት በተቀመጠበት አዳራሽ ንጉሥ ሲወቀስ መታየቱ መድረክ ከሰው ፈቃድ ውጪ የሚሠራው ሥራ እንዳለው ያመለክታል።

እርግጥ ነው፣ ባለሥልጣናት ይህን ጠባይ ቀድመው ያወቁበት ጊዜ አለ። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የአገራችን ዘመናዊ ተውኔት መጀመሪያ ሲሆን የእንስሳት ተረት ለብሶ የሹማምንትን ምግባር ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ሞልየርም በአስመሳይ ጻድቅ ላይ የጻፈው «ታርቱፍ» እ.ኤ.አ. በ1664 ከታየ በኋላ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ተከልክሎ በነፃነት የታየው በ1669 ነው። ሁለቱም ላይ የተነሣው ክስ ተመሳሳይ ነው፦ መልካም ነገርን ተሳደቡ። ሁለቱም ግን መልካሙን ነገር አልተሳደቡም፤ መልካሙን ነገር አምነው ባለቤቶቹን በእሱ ለኩ።

ከአገራችን ጸሐፌ ተውኔቶች መካከል ይህን ዘዴ በሚገባ የያዘው በእኔ አስተያየት መንግሥቱ ለማ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የደረሳቸው ሁለቱ ኮሜዲዎች፣ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ»፣ ከሠርግ ጉዳይ የሚነሡት በአጋጣሚ አይደለም። ሠርግ የአንድ ማኅበረሰብ እሴቶች ሁሉ በአንድ ዳስ ሥር የሚገናኙበት ብቸኛው ጊዜ ነው፤ ሃይማኖት፣ ዘር፣ ሀብት፣ ክብር፣ ወዳጅነት፣ ፍቅር፣ ሁሉም አንድ ላይ ይቀርባሉ፤ ስለዚህም ሁሉም ይጋፋሉ።

«ጠልፎ በኪሴ» ስለ ጠለፋ ነው። ጠላፊዎቹ ግን ጠመንጃ ያነገቡ የቆላ ጎረምሶች አይደሉም። በከተማ የሚኖሩ፣ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች ናቸው፤ ሚስት የማግኘቱ ነገር ሲቸግራቸው ወደ ጥንቱ ልማድ ይመለሳሉ። ተመልካቹ እዚህ የሚስቀው በማን ላይ ነው? የገጠሩን ልማድ ኋላቀር የሚለው የተማረ ሰው በራሱ ላይ ለመሳቅ ይገደዳል፤ የተማረውን የሚንቀው ባላገርም ጠለፋ በካራቫትና በኮት ሲቀርብ የራሱን ልማድ አዲስ ልብስ ለብሶ ያየዋል። ማንም በሰላም የሚቀመጥበት ወንበር የለም።

በዚያን ጊዜ የነበረውን ሕግ ለማያውቅ አንባቢ የዚህ ተውኔት ስለት በሙሉ አይታየውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል አድርጎ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ከጠላፊው ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክስ እንደማይቀርብ አብሮ ይደነግጋል። ይኸውም ወንጀሉ ከተሳካ ወንጀል መሆኑ ይቀራል ማለት ነው። ፈቃድ የተባለውም በሽማግሌ አማላጅነት፣ «አንዴ ሆኗል» በሚል ምክር፣ ክብሯ ተነክቶ ወደ አባቷ ቤት ብትመለስ ማን ያገባታል በሚል ፍርሃት የሚገኝ ፈቃድ ነበር። ሕግ አውጪው የተጣመመ ሰው አልነበረም፤ ሁለት መልካም ነገሮችን፣ የሴትን ነፃነትና የጋብቻን ጽናት፣ በአንድ አንቀጽ ሊያስታርቅ ሞክሮ አንደኛውን በሌላው ሰዋ። መንግሥቱ ለማ ይህንኑ ሳቅ አደረገው። ይህ ድንጋጌ የተሻረው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ በዚህ ሕግ ጠላፊ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፣ ጋብቻ መከተሉም ከክስ አያድነውም። ተውኔቱ ከሕጉ አርባ ዓመት ያህል ቀድሞ ጥያቄውን አንሥቷል ማለት ነው። ሕጉ በተውኔቱ ምክንያት ተለወጠ ለማለት ግን አይቻልም፤ ተውኔትን እንዲህ የሚያሞግሱ ጽሑፎች ሲበዙ እሰጋለሁ።

«ያላቻ ጋብቻ» የበለጠ ይከብዳል። ከደህና ወገን የተወለደ፣ በውጭ አገር የተማረ ወጣት የከተማውን ሹመት ትቶ ገጠር ገብቶ ያስተምራል፤ ሠራተኛ የሆነችውን ልጅም ለማግባት ይወስናል። አክስቱ ይህን ለመስማት አትችልም። ተራ ጸሐፊ ቢሆን አክስቲቱን ክፉ ባላባት፣ ወጣቱን ቅዱስ አድርጎ ይጨርሰው ነበር። አክስቲቱ ግን የምትሟገተው በማኅበረሰቡ የታወቀ እሴት ነው፦ ቤት፣ ስም፣ የአባቶች አደራ። «ሁላችን የአዳም ልጆች ነን» የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አትክድም፤ እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠርንም አትተውም። ሁለቱን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በልዩ ልዩ ቀን ስታምናቸው ኖራ በአንድ ቀን መጡባት።

ከወጣቱ በኩልስ? ይህን ጥያቄ ተማሪዎች እንዲያነሡ እፈልጋለሁ። እኩልነትን የሚሰጥ ሰውና እኩልነትን የሚቀበል ሰው ካሉ እኩልነቱ የት ላይ ነው? የመደብን አጥር ለመስበር ያላቻውን ማግባት መልካም ነው፤ ሆኖም የምትገባው ልጅ የመርሕ ማስረጃ ሆና እንዳትቀር ማን ይጠይቅላታል? ሎንደን የተማረው መንግሥቱ ለማ የራሱን ትውልድ ከዚህ ጥያቄ አላዳነውም። ቀልዱ ስላቅ ብቻ ሆኖ ያልደረቀውም ለዚህ ነው እላለሁ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ተውኔት ከአዲስ አበባ አዳራሾች ወጥቶ ገጠር የገባበት ዘመን ነበርና ታሪካዊ ዋጋው አይናቅም፤ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ያየው ያኔ ነው። «ቅራኔ» የሚለውም ቃል እንደዚያን ጊዜ በሰው አፍ ተመላልሶ አያውቅም። የሚያሳዝነው ቃሉ ሲበዛ ነገሩ ከመድረክ መጥፋቱ ነው። ባላባቱ ከመግባቱ በፊት በሆዱ ስፋት ይታወቃል፤ ጭሰኛው ከመናገሩ በፊት ትክክል ነው። ኋላ የመጣው የልማት ድራማ ርእሱን ለወጠ እንጂ አሠራሩን አልለወጠም። በባላባቱ ቦታ ሰካራሙ አባት ገባ። ከወረታው አዳራሽ የሰማነው ሳቅ የዚህ አሠራር ውጤት ነው።

ወደ ፎገራ ልመለስ። ሜዳው ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ፣ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ደለል የተሠራ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ለጥ ያለ አገር ነው። ወረታ የባሕር ዳር ጎንደር መንገድና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገናኙበት ከተማ ነው። ለብዙ ዘመን አገሩ የሚታወቀው በፎገራ ከብት ዝርያ፣ በጤፍ፣ በጓያና በሽንብራ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ተስፋፋ፤ ውኃ ይበላው የነበረው መሬት ዋጋ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ለውጥ የምጣኔ ሀብት ሰዎች በኩንታል ይነግሩናል። ለጸሐፌ ተውኔት የሚያስፈልገው ሌላው ወገን ነው። የሩዝ አረም ብዙ እጅ ይጠይቃል። ድሮ በደቦና በወንፈል ይሠራ የነበረው ሥራ በቀን ምንዳ የሚሠራ ሆነ፤ ከደጋው ወገን ወጣቶች እየወረዱ ያርማሉ። «ጉልበት አይሸጥም፣ ይበደራል» ብሎ ያደገ ገበሬ የጎረቤቱን ልጅ በቀን ሒሳብ ቀጥሮ ማታ አብሮት ለማኅበር ሲቀመጥ ምን ብሎ ያወራዋል? በዚህ ጥያቄ ላይ የተጻፈ ተውኔት አላየሁም። ሊጻፍ ግን ይገባል።

የድራማ ክበቡ ተማሪዎች ተውኔታቸውን እንደገና ለመጻፍ ሲነሡ የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰካራሙን አስወጡና በአካባቢያችሁ ከሁሉ የሚከበረውን ሰው አስገቡ። ሰውየው ሽማግሌ ሆነ፤ ደም የሚያደርቅ፣ ቃሉ የሚሰማ። የመጀመሪያው ትዕይንት ዕርቅ ነው። አባቱ የተገደለበት ጎልማሳ የገዳዩን ልጅ ካልገደልሁ ይላል፤ ሽማግሌው ከበርጩማው ተነሥቶ፣ ጋቢውን መሬት አንጥፎ፣ «ልጅ በአባቱ ዕዳ አይያዝም» ብሎ ይለምነዋል። ጎልማሳው ይመለሳል። ይህ ትዕይንት በጣም ያምር ነበር፤ እንዲያምርም ነው የፈለግነው።

በሁለተኛው ትዕይንት እኒሁ ሽማግሌ ቤታቸው ናቸው። አማላጆች መጥተዋል። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ልጃቸውን ይወዳሉ። ነገር ግን በሃያ ዓመት ውስጥ በየወዳጁ ሠርግ በልተዋል፣ ጠጥተዋል፤ ብድር አለባቸው። ድግስ በልቶ ሳያበሉ መሞት ነውር ነው። ዘንድሮ እህሉ ገብቷል፣ ጥር ደርሷል፤ በከርሞው ጎርፍ ይምጣ አይምጣ ማን ያውቃል? ደግሞም ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትመላለስ መንገድ ላይ ብትጠለፍስ? «ቁሞ ቀር» ብትባልስ? እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ የመልካም አባት ምክንያት ነው። ያው በርጩማ፣ ያው ጋቢ ነው። ልጅቱ ቡና ታቀርባለች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ አሥራ ስምንት ማድረጉን በተውኔቱ ውስጥ ማንም አያነሣም፤ አማላጆቹም ሽማግሌውም ያውቁታልና።

ተማሪዎቹ እዚህ ላይ ልጅቱ እንድትናገር ፈልገው ነበር። «ልጅ በአባቱ ዕዳ አይያዝም ብለህ አልነበር?» የሚል ቃለ ተውኔት ጽፈውላታል። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ተቆረጠ። እሷ ከተናገረችው ተመልካቹ የሚሠራው ሥራ አይኖረውም፤ ደግሞም በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ በአባቷና በእንግዶች ፊት እንዲህ አትናገርም። ዝም ብላ ሲኒውን ታዞራለች።

ዝግጅቱ ያለ እንቅፋት አልሄደም። የሙሽራዋን ቦታ የያዘችው ተማሪ አባቷ ከለከሏት። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ አባቷም ደብተር የሚገዙላት፣ ለትምህርቷ የሚቆሙ ሰው ናቸው። ልናነጋግራቸው ብንሄድ «ልጄ ትማር ብያለሁ፤ ሰው ፊት ቁማ አዝማሪ ትሁን ግን አላልሁም። በጨዋታ መሞሸርም ሟርት ነው» አሉን። ልንጫናቸው አልቻልንም፤ በእሷ ቦታ አንድ ቀጭን ወንድ ልጅ ነጠላ ለብሶ ተጫወተ። በአገራችን የቀደምት ተውኔቶች ዘመን የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ይጫወቱ እንደነበር አስተምራለሁ፤ ታሪኩ በራሴ ክበብ ይደገማል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

«አዝማሪ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ መምጣቱ ትንሽ ሊያቆየን ይገባል። በጎንደር አገር አዝማሪ የሌለበት ሠርግ ሠርግ አይባልም፤ ሹሙን ፊት ለፊት የመንቀፍ ፈቃድ ያለውም እሱ ብቻ ነበር። ልጅ ግን አይዳርለትም። እንደ ሸማኔው፣ እንደ ቀጥቃጩ፣ በጣና ዳር ታንኳ እንደሚሠራው ወይጦ ሁሉ የእጁ ሥራ ይወደዳል፣ እሱ ይናቃል። ተውኔት ይህን ንቀት ከአዝማሪው ወርሷል። ስለዚህ መድረክ የማኅበረሰቡን ቅራኔ ከውጭ ቆሞ አያሳይም፤ ራሱ የቅራኔው አካል ነው። ተመልካቹ በገዛ ልጁ ሊያስደርገው የማይፈቅደውን ነገር የሰው ልጅ ሲያደርገው ለማየት ይመጣል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1879 ኮፐንሃገን ላይ የታየው የኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» ወደ ጀርመን ሲሄድ ዋናዋ ተዋናይት እኔ ልጆቼን ጥዬ አልወጣም ብላ መጨረሻውን አልጫወትም አለች፤ ኢብሰንም ሌላ ሰው እንዳያበላሽበት እየመረረው ሌላ መጨረሻ ጻፈላት። የተዋናይቱ እምቢታ ከብዙ ሐያስያን ጽሑፍ ይልቅ ተውኔቱ ምን እንደነካ ያስረዳል። የወረታውም አባት እምቢታ እንዲሁ።

ሁለተኛው ተውኔት ሲታይ አዳራሹ በዕርቁ ትዕይንት በሽማግሌው ንግግር አጨበጨበ። አማላጆቹ ሲገቡ አንዳንዱ ፈገግ አለ። ሽማግሌው የድግሱን ብድር መቁጠር ሲጀምሩ ድምፅ ቀነሰ። ልጁ ሲኒ ይዞ ሲዞር ከኋላ መደዳ አንዲት እናት፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «ዕዳው የማን ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ዞረ። ማንም አልሳቀም። ሲያልቅ ጭብጨባውም ትንሽ ነበር፤ ከዚያ ግን ከአዳራሹ ደጅ ሰው ቆሞ እስኪመሽ ተከራከረ። አንዱ «ታዲያ የበላውን አያበላ ወይ?» ይላል፤ ሌላው «ያብላ፣ ግን በበሬው» ይላል። ተውኔቱን የተቃወሙም ነበሩ፤ ሽማግሌ ማዋረድ ነው አሉ። ተቃውሟቸው ትክክለኛውን ቦታ ስለመንካቱ ምስክር ነውና አልከፋንም። ከዚያ በኋላ ስንት ሠርግ ቀረ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልስ የለኝም፤ ተውኔት በዚያ አይለካም።

የተማሪዎቹ ቀጣይ ሐሳብ ስለ አውራ አምባ መጻፍ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል፣ በዚያው በፎገራ ወረዳ የሚገኘው ይህ ማኅበረሰብ በዙምራ ኑሩ አነሣሽነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ወንዱ ይፈትላል፣ ይጋግራል፤ ሴቷ ታርሳለች፤ ጧሪ የሌለው ይጦራል፤ ሌብነትና ውሸት የተጠሉ ናቸው። ጎረቤቶቹ ከሁለቱም ሃይማኖት እነዚህን ምግባሮች በየሳምንቱ ሲሰበኩ የኖሩ ናቸው። ሆኖም ምግባሩን እንደ ልማዳቸው ሳይሆን በሌላ መንገድ የያዙ ሰዎች ሲመጡ ጠሏቸው፤ አሳደዷቸውም። በደርግ ዘመን መጨረሻ ወደ ደቡብ ተሰደው ቦንጋ አካባቢ ቆዩ፤ ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ ሲመለሱ ከቀድሞ መሬታቸው አብዛኛውን አላገኙትም። በኋላ ደግሞ እንግዳ ከሩቅ አገር እየመጣ የሚያያቸው፣ ባለሥልጣን በምሳሌነት የሚጠራቸው ሆኑ።

ጉዳዩ ለመድረክ የተመቸ ይመስላል፤ አደጋውም ይኸው ነው። አውራ አምባዎችን ቅዱሳን፣ ጎረቤቶቻቸውን አረመኔ አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው፤ እንዲያ ከሆነ ወደ ሰካራሙ አባት ተመለስን። ለተማሪዎቹ ያልኋቸው ከጎረቤቱ ቤት ጀምሩ ነው። የጾም ቀን የሚያከብር፣ እንግዳ የማይመልስ፣ ለሞተ የሚቀብር አንድ ደግ ገበሬ ይኑር። ማታ ማታ እነዚያን ሰዎች ስለማስወጣት የሚመክሩት ሰዎች የሚሰበሰቡት በእሱ ቤት ይሁን፤ የቤቱ በር ለእንግዳ የማይዘጋ ስለሆነ። አንድ ምሽት ከሚባረሩት አንዱ፣ ዝናብ መትቶት፣ ያንኑ በር ያንኳኳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ገና እየጻፉት ናቸው። ከማኅበረሰቡ ወገንም ቢሆን፣ በእኩልነት የታነጸ ኑሮ ከአንድ መሥራች ሰው ራእይ መነሣቱ የሚያስከትለውን ጥያቄ አንደኛዋ ተማሪ አንሥታለች። ጽሑፉን አይተው እንዲነቅፉት ከአውራ አምባም ከጎረቤት ቀበሌዎችም ሰዎችን ለመጥራት ታስቧል። በርጩማው እስካሁን የትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ነው።